ቁልፉ በማን እጅ ነው? (ስለ አሮጌ ጌም ማጫወቻዎች ጥገናና ስለ ባለቤትነት)

የዚህ ገጽ ደንበኞች ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ፓርቲዎች ንትርክ ማንበብ ስለለመዳችሁ የዛሬው ርእስ ግር ሊላችሁ ይችላል። ስለ አሮጌ የቪዲዮ ጌም ማጫወቻዎች፣ ስለ አቧራቸውና ስለ ዝገታቸው፣ ስለሚጠርጓቸውና ስለሚጠግኗቸው ሰዎች ልጽፍ ነው። ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲታይ የልጆች ጨዋታ ነው። ጠለቅ ብለው ሲያዩት ግን አንድ ያረጀ የፖለቲካ ጥያቄ ያነሣል፤ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የገዛው ዕቃ የማን ነው? ከፍቶ ሊያየው፣ ሲበላሽ ሊጠግነው፣ ለልጁም ሊያወርሰው የማይችለው ንብረት ንብረቱ ሊባል ይችላል ወይ? የመሬትና የቤት ባለቤትነት ምን ያህል እንደሚያነታርክ ለምናውቅ ለእኛ ጥያቄው እንግዳ ሊሆን አይገባም። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በገዛ ቤት ደጅ መጥናት

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። የጃፓኑ ኒንቴንዶ «ፋሚኮም» የተባለውን ማጫወቻ ለአገሩ ገበያ ያቀረበው በ1983 ነበር። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የጌም ገበያ ማንም እየተነሣ ባመረተው የወረደ ጌም ተጥለቅልቆ ተንኮታኮተ፤ የአሻንጉሊት ነጋዴዎችም «ቪዲዮ ጌም» የሚለውን ስም መስማት ጠሉ። ስለዚህ ኩባንያው በ1985 በኒው ዮርክ ገበያውን ሲሞክር ማጫወቻውን የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ አስመስሎ፣ ስሙንም «ኒንቴንዶ ኢንተርቴይንመንት ሲስተም» ብሎ አቀረበው። የጌሙ ካሴት በፋሚኮም ከላይ ይሰካ የነበረው፣ በዚህኛው ከፊት ለፊት ገብቶ ወደ ታች የሚጫን ሆነ። ከመልኩ ሌላ ደግሞ ፋሚኮም ያልነበረው አንድ ነገር በሆዱ ውስጥ ተጨመረለት፤ ቁልፍ።

ቁልፉ ትንሽ ቺፕ ነው። አንዱ በማጫወቻው፣ መንትያው በእያንዳንዱ ካሴት ውስጥ ይቀመጣል። ማጫወቻው ሲበራ ሁለቱ ምልክት እየተለዋወጡ ይተያያሉ። ከካሴቱ የሚመጣው መልስ የተዛባ ወይም የጠፋ እንደሆነ የማጫወቻው ቺፕ ሥራውን አቋርጦ ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል፤ ይህንም በየሴኮንዱ ይደጋግመዋል። ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፣ የቴሌቪዥኑም መስኮት አብሯት ይበራል፣ ይጠፋል። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ከኩባንያው ፈቃድ ያላገኘ አምራች ጌም ሠርቶ እንዳይሸጥ በሩን መዝጋት።

አሁን የጥገናው ነገር ይመጣል። ካሴቱን የሚቀበለው መሰኪያ 72 ቀጫጭን የብረት ጥርሶች አሉት። ካሴቱ ገብቶ ወደ ታች በተጫነ ቁጥር ጥርሶቹ ይጎብጣሉ፤ ከዓመታት በኋላ ይላላሉ፣ አቧራና ዝገትም ይይዛቸዋል። የሌሎቹ ጥርሶች መቆሸሽ ሥዕሉን ያዛባል። ከቁልፉ ጋር የሚያገናኙት ሲቆሽሹ ግን ሁለቱ መንትያ ቺፖች መነጋገር ያቅታቸዋል፤ ማጫወቻውም ባለቤቱ በሕጋዊ መንገድ የገዛውን ካሴት እንደ ሌባ ቆጥሮ በሩን ይዘጋበታል። በ1980ዎቹ የአሜሪካ ልጆች ካሴታቸውን እያወጡ እፍ ይሉበት የነበረው ይህን ብልጭታ ለማስቆም ነው። ለሌባ የተሠራው ቁልፍ ባለቤቱን በገዛ ቤቱ ደጅ አስጠናው።

የታሪኩ ምፀት ደግሞ ይህ ነው። ጠጋኞች ውለው አድረው እንደደረሱበት፣ በማጫወቻው ውስጥ ያለውን የዚያን ቺፕ 4ኛ እግር ቆርጦ ማላቀቅ ብቻ ይበቃል፤ ቁልፉ ዝም ይላል፣ ጌሙ ይሠራል። ኩባንያው ራሱም በ1993 ያወጣውን፣ ካሴት ከላይ የሚሰካበትን ርካሽ ሞዴል ያለ ቁልፍ ቺፕ ነው የሠራው። ቁልፉ ለዕቃው ሕይወት እንዳላስፈለገ ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል?

የጥጥና የአልኮል ሙያ

እነዚህን ዕቃዎች የሚያነሡ ሰዎች ሥራቸው ከሰዓት ጠጋኝ ሙያ ጋር ይቀራረባል፤ ትዕግሥት፣ ቀጭን ካቻቢቴ፣ ካውያና ጥሩ ብርሃን ይፈልጋል።

በመጀመሪያ እፍታው መድኃኒት እንዳልሆነ እንወቅ። ካሴቱ ከእፍታ በኋላ የሚሠራው ወጥቶ እንደገና በመሰካቱ ነው፤ የአፍ እርጥበት ግን በጥርሶቹ ላይ ቀርቶ ብረቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ትክክለኛው መንገድ ጥጥ የተጠቀለለበትን ስንጥር ከመቶ 90 እጅና ከዚያ በላይ በጠራ አይሶፕሮፒል አልኮል ነክሮ ጥርሶቹን መወልወል፣ ጥጡ ጥቁር ማውጣቱን እስኪተው መደጋገም፣ ከዚያም በደንብ ማድረቅ ነው። በካሴቱ ጀርባ ላይ የታተመው ማስጠንቀቂያ በአልኮል እንዳይጠረግ ይከለክላል። ዛሬ ብዙውን ካሴት በሕይወት ያቆየው ይኸው የተከለከለው አልኮል ነው።

ካሴቱን ከፍቶ ማጽዳት ለሚፈልግም ሌላ አጥር ይጠብቀዋል። የመጀመሪያዎቹ ካሴቶች በተራ ካቻቢቴ ይፈቱ ነበር። ቆይቶ ግን የተለመደው ካቻቢቴ የማይፈታው፣ 3.8 ሚሊ ሜትር የሆነ ልዩ መፍቻ የሚጠይቅ ብሎን መጣ። ብሎኑ ካሴቱን ከመያዝ ሌላ ለባለቤቱ የሚያስተላልፈው መልእክት ነበረው፤ «አትንካ» የሚል። ደግነቱ ያ መፍቻ ዛሬ በጥቂት ገንዘብ ይገዛል።

በውስጡ የሚገኘውም ብዙ ነው። በ1987 ለአሜሪካ ገበያ እንደቀረበው «ዘ ሌጀንድ ኦቭ ዜልዳ» ያሉ ጌሞች የተጫዋቹን ጉዞ የሚያስታውሱት በካሴቱ ውስጥ በተበየደ ክብ ባትሪ ነው። ባትሪው ሲያልቅ ጌሙ አይሞትም፤ ትዝታው ግን ይጠፋል። አሮጌውን በካውያ አላቅቆ አዲስ መበየድ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሴጋ በ1990 ያወጣው «ጌም ጊር» የተባለው የእጅ ማጫወቻ ድምፁ የሚሰልል፣ መስኮቱ የሚደበዝዝ ከሆነ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ካፓሲተር ነው። ካፓሲተር ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ ሲሆን፣ ሲያረጅ የያዘው ፈሳሽ ያፈስና ከሥሩ ያለውን የመዳብ መስመር ይበላል። የማይክሮሶፍት የመጀመሪያው «ኤክስቦክስ» (2001) ሰዓት እንዲያስታውስ የተገጠመለት ካፓሲተርም እንዲሁ ያፈስሳል፤ በአብዛኞቹ ሞዴሎች ነቅሎ መጣሉ ብቻ ማጫወቻውን ያድነዋል፤ የሚቀርበት ቢኖር ሰዓት ማስታወስ ነው።

የፕላስቲኩን ቢጫነትም ሳላነሣ አላልፍም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ግራጫ ፕላስቲክ እሳት በቶሎ እንዳይዘው ብሮሚን ያለበት ንጥረ ነገር ይጨመርበት ነበር፤ ብርሃንና ዓመታት ሲያገኙት ይበይጣል። ከ2008 ጀምሮ አፍቃሪዎቹ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቀብተው ለፀሐይ በማስጣት ማንጣት ጀምረዋል። ያልሠለጠነ እጅ ከሠራው ግን ፕላስቲኩን ዥንጉርጉር ያደርገዋል፤ ቢጫነቱም ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። እንደ እኔ አስተያየት ያ ቢጫነት የፕላስቲክ ሽበት ነው፤ ዕቃውን ከሥራ አያግደውምና ቢተውስ?

እነዚህ ሁሉ በሽታዎች ከ25 እስከ 40 ዓመት ባስቆጠሩ ዕቃዎች ላይ የሚታዩ ናቸው፤ ሁሉም ይድናሉ። የሚድኑበት ምክንያት ከዕቃዎቹ ጥንካሬ ይልቅ የአጥሩ ድክመት ነው። በባለቤቱና በዕቃው መካከል የቆመው አንድ ብሎንና እግሩ ሲቆረጥ ዝም የሚል አንድ ቺፕ ብቻ ነበር።

ሕግ ዘበኛ ሲሆን

ይህ የሆነው ሕጉም ገና ዘበኛ ባልተቀጠረበት ዘመን ነበር። በ1992 አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሴጋና አኮሌድ በተባሉት ኩባንያዎች ክርክር ላይ አንድ ማጫወቻ እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ፕሮግራሙን ፈትቶ ማጥናት ሌላ መንገድ እስከሌለ ድረስ ፍትሐዊ አጠቃቀም እንደሆነ ወሰነ። በዚያው ዓመት አታሪ ጌምስ ከኒንቴንዶ ጋር ባደረገው ሙግት ተረታ፤ የተረታበት ዋና ምክንያት ግን የቁልፉን ምስጢር ከቅጂ መብት ጽሕፈት ቤት በሐሰት ምክንያት ማውጣቱ ነበር። ፍርድ ቤቱ ቺፑን ፈትቶ ማጥናትን በራሱ ጥፋት አላደረገውም።

በ1998 ግን የአሜሪካ ምክር ቤት የዲጂታል ዘመን የቅጂ መብት ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት የተቀዳ ነገር ኖረም አልኖረም፣ በሥራው ላይ የተበጀውን ዲጂታል ቁልፍ ማለፍ በራሱ ክልክል ሆነ፤ ቁልፍ ማለፊያ መሣሪያ ሠርቶ መሸጥም እንዲሁ። ለንግድ ጥቅም ሆን ብሎ ለጣሰ ሰው የመጀመሪያው ጥፋት ቅጣት እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ዶላር መቀጮ ሊደርስ ይችላል። ከዚያ ወዲህ የቁልፉ መድከምና መጠንከር ዋና ጉዳይ መሆኑ ቀረ፤ ከጀርባው ዓቃቤ ሕግ ቆሟልና።

አምራቾቹም ትምህርቱን ቀሰሙ። ከ«ኤክስቦክስ 360» (2005) እና ከ«ፕሌይስቴሽን 3» (2006) ጀምሮ የዲስክ ማንበቢያው ከዋናው ሰሌዳ ጋር በምስጢር ቁጥር ተጋባ። የማንበቢያው ሰሌዳ ከተቃጠለ፣ ከሌላ የሞተ ማጫወቻ የተወሰደ አንድ ዓይነት ማንበቢያ ቢገጠምለት ዕቃው አላውቅህም ይለዋል። በ2023 የወጣው ቀጭኑ «ፕሌይስቴሽን 5» ተነቃይ የዲስክ ማንበቢያ ሲገጠምለት በኢንተርኔት ከኩባንያው ጋር ተገናኝቶ እንዲመዘገብ ይጠይቃል። መዝጋቢው አገልጋይ የተዘጋ ዕለትስ? አገልጋይ ደግሞ መዘጋቱ አይቀርም፤ ኒንቴንዶ የሁለት ማጫወቻዎቹን የኢንተርኔት መሸጫ በመጋቢት 2023 ዘግቷል። በ1985 የተሠራው ማጫወቻ ግን ዛሬም ከማንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ይሠራል።

ሕግ አውጪዎቹ ነገሩን አላዩትም እንዳይባል አይተውታል። በ2021 የአሜሪካ ባለሥልጣናት የጌም ማጫወቻ የዲስክ ማንበቢያን ለመጠገን ሲባል ቁልፉን ማለፍ እንደሚቻል ፈቀዱ። ፈቃዱ ግን ለዲስክ ማንበቢያው ብቻ ነው፤ ጠጋኙም ሲጨርስ ቁልፉን ወደነበረበት መመለስ አለበት፤ ማለፊያ መሣሪያውን ሠርቶ መሸጥም እንደተከለከለ ቀረ። በርህን ሰብረህ ግባ፣ መዶሻ የሚሸጥልህ ግን አይኖርም፣ ስትወጣም ቁልፉን መልሰህ ግጠም እንደማለት ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ሚኒሶታና ካሊፎርኒያ በ2023 የመጠገን መብት ሕግ አውጥተው ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋሉ። አምራቾች መለዋወጫና የጥገና መመሪያ ለባለቤቱና ለማንኛውም ጠጋኝ እንዲያቀርቡ የሚያስገድዱ መልካም ሕጎች ናቸው። በሁለቱም ሕጎች ግን የጌም ማጫወቻ በስም ተጠቅሶ ከግዴታው ውጪ ተደርጓል። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያወጣው የጥገና መመሪያም የልብስ ማጠቢያን፣ ማቀዝቀዣንና ስልክን ዘርዝሮ የጌም ማጫወቻን ከዝርዝሩ አላስገባም። የመጠገን መብት ለሁሉም ከታወቀ በኋላ አንድ ዓይነት ዕቃ በስም ተለይቶ ሲወጣ፣ ልዩ መብት የሚባለው ይህ አይደለምን?

የኩባንያዎቹን ክርክር ሳናዳምጥ ብንፈርድ ፍርደ ገምድል እንሆናለን። ቁልፉ ከተከፈተ ጌም ያለ ክፍያ ይቀዳል፣ የፈጠረው ሰውም ይራባል ይላሉ። እውነት አለበት፤ ጌም ሠሪም ላቡን የሚሸጥ ሠራተኛ ነው። ይሁን እንጂ መጠገንና መቅዳት ሁለት የተለያዩ ድርጊቶች ናቸው። የተቃጠለ ማንበቢያ የቀየረ ሰው ማንንም አልሰረቀም፤ ሕጉም ይህንን በ2021 በራሱ አፍ መስክሯል። ቀጂውን ለመያዝ ሲባል ጠጋኙን ማሰር የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው። የሚጣለውም ቀላል አይደለም። በ2023 የወጣ ጥናት እንዳሳየው በአሜሪካ ከ2010 በፊት ከታተሙት ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ በገበያ አይገኙም። የአሜሪካ የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤት በጥቅምት 2024 ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት እነዚህን ጌሞች ለተመራማሪዎች ከርቀት እንዲያሳዩ የቀረበለትን ጥያቄ አልተቀበለም። እንግዲህ ከእነዚህ ጌሞች ለብዙዎቹ የቀረው ሕጋዊ መንገድ አሮጌው ካሴት በተጠገነ ማጫወቻ ላይ መሰካቱ ነው። ብራና በጠራዡ እጅ ዕድሜው እንደሚረዝም፣ ይህም ቅርስ በጠጋኙ እጅ ላይ ወድቋል።

እኛስ ምን አገባን?

አንዳንድ አንባቢ «ይህ የጠገበ አገር ጭቅጭቅ ነው» ሊል ይችላል። እኔ ግን ከአሜሪካዊው ይልቅ እኛን የሚነካ ይመስለኛል። አሜሪካዊው ዕቃው ሲበላሽ ሌላ ይገዛል። የእኛ ሰው የሚኖረው ሌላው የተጠቀመበትን እየጠገነ ነው። በአዲስ አበባ ሰፈሮች የነበሩትን የፕሌይስቴሽን ቤቶች አስታውሱ። ልጆች በየጨዋታው ሳንቲም እየከፈሉ ኳስ ይጫወቱባቸው የነበሩት እነዚያ ዕቃዎች አብዛኞቹ በውጭ አገር ሌላ ሰው ተጠቅሞባቸው የመጡ ነበሩ። የማንበቢያው መንገድ በልቶት ዲስክ አላነብ ያለ ፕሌይስቴሽን ተገልብጦ በጀርባው ይሠራ ነበር፤ የላላ ጆይስቲክ ከሁለት የሞቱ ወንድሞቹ በተወሰደ አካል ይነሣ ነበር። ይጫወቱባቸው ከነበሩት ዲስኮች ብዙዎቹ የተቀዱ እንደነበሩ አልደብቅም። ጆይስቲኩን የጠገነው እጅ ግን የሠራው ሐቀኛ ሥራ ነበር። ያ እጅ በኋላ ሞባይል ጠጋኝ፣ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ሆኖ ቤተሰብ አስተዳድሯል።

ዘመድ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ በሻንጣው የሚያመጣው የዛሬው ማጫወቻ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መርካቶ ጠጋኝ እጅ ሲገባ ምን ይገጥመዋል? የተጋባ አካል ይገጥመዋል፤ ካውያና ትዕግሥት የማይፈቱት የምስጢር ቁጥር። ዕቃው ደህና ሆኖ ሳለ ቆሻሻ ይሆናል። በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ማምረቷ ተመዝግቧል፤ በሥርዓት ተሰብስቦ እንደገና ጥቅም ላይ የዋለው ከሩብ በታች ነው። የዚህ ቆሻሻ መጨረሻ ብዙውን ጊዜ የማን ሰፈር እንደሆነ አፍሪካዊ ለሆነ አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ሕጉም ቢሆን ድንበር ይሻገራል። አሜሪካ ከሞሮኮ ጋር በ2004 የተፈራረመችው የነጻ ንግድ ስምምነት ዲጂታል ቁልፍን ማለፍ የሚከለክል አንቀጽ ይዟል። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ2003 ነው፤ ከዚህ ዓይነቱ ድርድር ጀርባ ስለ ቅጂ መብት የሚነሣው ጥያቄ ብዙ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ዛሬ ማንም ሳያነበው በአባሪ የሚፈረም አንድ አንቀጽ ነገ የጠጋኙን ሱቅ ሊያዘጋ ይችላል። ስለዚህ ተደራዳሪዎቻችንን፣ የምክር ቤት አባሎቻችንንና የሕግ ባለሙያዎቻችንን መጠየቅ ያለብን ሦስት ቀላል ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ቁልፍ ማለፍን የሚከለክል ማናቸውም ሕግ ጥገናን በግልጽ ነጻ ያውጣ፤ የትኛውም ዕቃ በስሙ ተለይቶ ከዚህ ነጻነት አይገለል። ሁለተኛ፣ ለጥገና የሚያገለግለው መሣሪያ መሸጡና መለወጡ ወንጀል አይሁን፤ መሣሪያ የሌለው መብት ስሙ ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ አምራቹ አገልጋዩን ሲዘጋ ዕቃው ያለ እሱ ፈቃድ እንዲሠራ ቁልፉን ለባለቤቱ ያስረክብ።

ባለቤትነት በደረሰኝ አያበቃም። የሚታወቀው ዕቃው የተበላሸ ዕለት ነው፤ ያን ዕለት ባለቤቱ ካቻቢቴውን ያነሣል፣ ወይም የሌላውን ደጅ ይጠናል። በ1985 የተበጀው ደካማ ቁልፍ አንድ እግሩ ሲቆረጥ ለባለቤቱ እጅ ሰጥቷል። አሁን የሚበጁት ቁልፎች እንዲያ በቀላሉ እጅ አይሰጡምና፣ ክርክሩ መካሄድ ያለበት ሕጉ ከመጽደቁ በፊት ነው።

ቸር እንሰንብት።